ሽታው የለቀቀ በርሜል

«የወር አበባሽ ከቀረ ስንት ወር ሆነው?» አለች ሲስተር ስንቅነሽ፣ ከካርዱ ላይ ቀና ሳትል።

ሀምዳ እናቷን በጎን አየቻት። «አራት።»

የሽንት ምርመራው ውጤት ቀድሞ ደርሷል፤ እርግዝና የለም። እናቷ ኑርሀያት ያንን ስትሰማ «አልሀምዱሊላህ» አለች፤ ወዲያው ግን «ታዲያ ምንድነው? ዕጢ ነው እንዴ?» ብላ ሌላ ጭንቀት ጀመረች።

«ይረጋጉ እናቴ፤ ገና እየጠየቅሁ ነው። የምትጠጡትን ውሃ በምን ታጠራቅማላችሁ?»

«በሮቶ» አለች ኑርሀያት ፈጠን ብላ።

ለውሃ ተብሎ የተሠራ ሮቶ የላቸውም። ያላቸው ከአካባቢው የጥጥ እርሻ የተገዛ ሰማያዊ በርሜል ነው፤ ድሮ የተባይ መድኃኒት ነበረበት። ሰፈራቸው ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን በርሜል በአመድና በሳሙና ያጥቡታል፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይደፉታል፣ ከዚያ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ያሸቱታል። ካልሸተተ ንጹህ ነው። የእናቷ ሻይ ቤት ውሃ የሚቀዳውም ከዚያው ነው።

«እዚህ ብዙ ሰው በመድኃኒት በርሜል ያጠራቅማል፤ አንዳንዱ የተባይ መድኃኒት ደግሞ ሲቆይ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል» አለች ሲስተር። «ያ ነገር ላይሸት ይችላል፤ ሰውነት ውስጥ ግን ይከማቻል። የሴት ልጅ እንቁላል ማምረቻ የሚያመነጨውን ሆርሞን ሊያዛባ ይችላል። ያንቺ ከዚያ ነው አላልኩም፤ ሌላ ምክንያትም ይኖራል። ለደም ምርመራ ሰመራ ሆስፒታል እልክሻለሁ፤ ግን ምን እንደሚፈልጉ ካልጻፍኩላቸው በከንቱ ትደክሚያለሽ።»

«ሮቶ ነው አልኩሽ እኮ» አለች ኑርሀያት። ከጠረጴዛው ስር የሀምዳን እግር ረገጠቻት።

ሲስተር የሪፈር ወረቀቱን ጻፈች። ኑርሀያት ማህተም ለማስመታት ስትሄድ፣ ሀምዳ ደጅ የምትጠብቃት ማርቲ አጠገብ ተቀመጠች። ማርቲ የክፍል ጓደኛዋ ናት።

«ምን አሉሽ? ፊትሽ ኬሚስትሪ የወደቀ ሰው መስሏል።»

ሀምዳ አልሳቀችም። «ዛሬ እኛ ቤት ሻይ ጠጥተሻል?»

«ሁለት ብርጭቆ፤ ታናሽ እህትሽ ናት የቀዳችልኝ። ምነው፣ ልታስከፍዪኝ ነው?»

ኑርሀያት ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። «በይ ተነሺ፣ ባጃጁ እየጠበቀን ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው ቢሰማ ማን ደፍሮ ይጠጣልናል? ከሰመራ ስንመለስ በርሜሉን እቀይረዋለሁ።»

ሀምዳ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። «የመጠጥ ውሃ፦ ከሮቶ» ይላል፤ ማህተሙ ገና አልደረቀም።

«እማ፣ እስክንመለስ ድረስስ?»

እናቷ እጇን ይዛ ልትስባት ሞከረች። ሀምዳ ወረቀቱን ለማስተካከል ተነስታ ወደ ሲስተር ክፍል ሄደች፤ አንኳኩታም ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ ተከትላት የመጣችው እናቷ ከኋላዋ ቆማ ነበረች።