የጃፓኗ ዘፋኝ ለቅሶ

በቆቦ ከተማ የጃፓንኛ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ የምትወጣ እናት አለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም ነበር። ኡሙሃኒ ግን አለች። ባሏ አሊ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር በመስኖ ሽንኩርት፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ማሳ ደግሞ ማሽላ የሚያለማ ዝምተኛ ገበሬ ነው። የእሱን ዝምታ እሷ በጥያቄ ትሞላዋለች። አቤት ስትጠይቅ! አውቶብስ ለምሳ በቆመ ቁጥር የማታውቀውን ተሳፋሪ ይዛ ከየት እንደመጣ፣ እዚያ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ፣ የያዛት ሕፃን ለምን እንደምታለቅስ ሳትመረምር አትለቅም። ሰፈርተኛው «ኡሙሃኒን ያገኘ መንገደኛ መኪና ያመልጠዋል» እያለ ይቀልድባታል። ይህን አመሏን የወረሰው የመጀመሪያ ልጇ ጀሚል ነው። ታናሽ እህቱ ራዊያ ግን አባቷን ወጣች፤ ዝም ብላ የምታይ ልጅ። ቤቱ ከሞላው ይልቅ የጎደለው ይበልጣል፤ ሳቅ ግን አይጠፋበትም ነበር... ነበር! ይቺ «ነበር» የምትባል ነገር ስንቱን ቤት በላች?

ጀሚል መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሞባይልና የመኪና ቴፕ ይጠግናል፤ ለፈለገ ዘፈን፣ ለፈለገ መንዙማ በስልኩ ይጭናል። አንድ ቀን በወልድያ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ቴፑን ነቅሎ ይዞለት መጣ። መኪናው ጃፓን ውስጥ አገልግሎ አገልግሎ የመጣ ነው፤ ቴፑ ውስጥ ሲዲ ተቀርቅሮ አልወጣም ብሏል። ጀሚል ፈትቶ አወጣው። ሹፌሩ ጣለው ብሎት ሄደ። የኡሙሃኒ ልጅ እንዴት ይጥለዋል? ምን እንዳለበት ሳያውቅ እንዴት ያድራል? ቤት ወስዶ ሲያጫውተው ጊታርና የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ወጣ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከፍ ሲል የሚሰበር የሚመስል፣ ግን የማይሰበር። ኡሙሃኒ የሽንኩርት ዘር ትለቅም ነበርና እጇን አቁማ አዳመጠች። ከዚያ ይቺ ሴት ማንን ነው እንዲህ የምትለምነው ብላ ጠየቀች። ጀሚል አላውቅም አላት። ለኡሙሃኒ ደግሞ «አላውቅም» መልስ ሆኖ አያውቅም።

እናም ልጅዬው ፍለጋ ገባ። ሲዲው ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ አንስቶ አስተረጎመ። ዘፋኟ ካዮ ሚናሴ ትባላለች፤ ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። ያ ሲዲ የመጀመሪያ አልበሟ ኖሯል፤ ዳቦ ፋብሪካ እየሠራች በጓደኛዋ ክፍል ውስጥ የቀዳችው፣ ብዙ ሰው ያልገዛው። ጀሚል ሁለተኛውን አልበም ከኢንተርኔት አወረደ። ወይ ጉድ! ከበሮው፣ ጥሩንባው፣ አጃቢው... ስሟ አገር ምድሩን የሞላው በዚህ ነው። ሦስተኛውን ሲያመጣ ግን ያ ሁሉ ባንድ የለም፤ ሴትዮዋ አንድ ፒያኖ ብቻ አስከትላ ትዘፍናለች። የአገሯ ሰው ቅር ተሰኘባት አለ ጀሚል። ኡሙሃኒ ግን ከሁሉ አስበልጣ የወደደችው እሱን ነው። ጎረቤቷ ሀሊሜ በምትሰግድ ሴት ቤት የባዕድ ዘፈን ምን ያደርጋል ብላ ብትቆጣት፣ ቋንቋውን አላህ ያውቀዋል፣ አንቺና እኔ በማናውቀው አንፍረድ ብላ መለሰችላት። ይኸው ሀሊሜም ቀስ በቀስ አብራ ማንጎራጎር ጀመረች!

ጀሚል እንደነገራት፣ ከሦስተኛው አልበም በኋላ ካዮ ዝም አለች። ዓመታት አለፉ፤ አልበም የለም፣ መድረክ የለም። ለምን? ይህቺ ጥያቄ ኡሙሃኒን እንቅልፍ ነሳቻት። አንድ ቀን ባሏ ከልክሏት ነው ትላለች፤ ሌላ ቀን ወልዳ ነው ትላለች፤ ሰው ዓይን ውስጥ ገብታ ድምፅዋ ተይዞ ይሆናል ብላም ሰግታላታለች። ጀሚል እያሾፈ፣ ምክንያቱን ፈልጎ እንደሚያመጣላት ቃል ገባ። እናትና ልጅ በማያውቋት ሴት ሕይወት ላይ እንዲህ ሲጨቃጨቁ አሊ ከማሳ ገብቶ ፈገግ ብሎ ያያቸዋል። ደስታ ማለት ሌላ ምን ነበር?

ጦርነቱ መጣ። ሰው የሚያወራውን አላወራም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ሲያልፍ የጀሚል ሱቅ ውስጥ ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ተገኘ። የኡሙሃኒም ልብ በዚያው ሰሞን ታመመ፤ የደም ግፊቷ እየወጣ ይጥላት ጀመር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የጤና ባለሙያ ምትኩ መድኃኒቷን አስጀምሮ፣ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይደርስባት ብሎ አሊን አደራ አለው። ጀሚል ከተማውን ዞሮ ዞሮ ሥራ አጣ። አንድ ጠዋት ለእህቱ ብቻ ነግሮ፣ እማን አደራ ብሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ወጣ። ኡሙሃኒ ስታውቅ ታመመች፤ ግን ሲደውል ዳነች። ከባሕሩ ዳር ሆኖ የላከላት የድምፅ መልእክት እስከ አሁን አለ፦ «እማ፣ ካዮ ለምን ዝም እንዳለች አገኘሁት። ሳዑዲ ስገባ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ተሻይኝ።» እየሳቀ ነበር ያለው።

በእኛ አገር ልጇ በዚያ መንገድ የሄደ እናት ሰላምታዋ ይለወጣል። «እንዴት አደርሽ» ቀርቶ «ጀሚል ደወለ ወይ?» ይሆናል። ገበያ ስትሄድ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ታማ ስትተኛ፣ ሁሉም ይህንኑ ይጠይቃታል። እሷም ለሁሉም አልሃምዱሊላህ፣ ይደውላል፣ ትላለች።

ጀልባዋ ሰጠመች። ከሞት የተረፈ አንድ የዋጃ ልጅ ለአሊ ደወለለት። አሊ ሽንኩርቱን ውኃ እያጠጣ ነበር። ስልኩን ሰምቶ ዘጋው፤ ማረሻውንም መቆፈሪያውንም እዚያው ትቶ ማሽላው ውስጥ ገባ። ምን ያድርግ? አገሩ መርዶ የሚያረዳበት ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ባለ ሐዘኑን ከበው፣ ደግፈው፣ ቀስ ብለው ነው። ግን የትኛው ሽማግሌ ነው የታመመ ልብ የሚደግፈው? አሊ ለሰፈሩ ሁሉ አደራ አስቀመጠ፤ ኡሙሃኒ እስክትጠነክር ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ሆድ ይፍጀው አለ። ሬሳ በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት እንኳ ቆቦ ላይ ማሰገድ ፈርቶ ጎብዬ ድረስ ሄደ፤ ለሚስቱ ገበያ ነው ያላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል አይደል? አገር ያወቀውን ሞት እናት ብቻ እንዳታውቅ ተደረገ።

ራዊያስ? ያቺ ዝምተኛ ልጅ ወንድሟን መሆን ጀመረች። ጀሚል ያለበት ቦታ ድምፅ አያሳልፍም፣ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚልከው ብላ ለእናቷ አስረዳች። ኡሙሃኒ ማንበብ አትችልም። ራዊያ ስልኩን ይዛ አጠገቧ ትቀመጥና የሌለውን መልእክት ታነባለች። ሥራ አገኘሁ፣ በግ እጠብቃለሁ፣ ሙቀቱ እንደ ቆቦ ነው... ያ ሁሉ ሲሆን ዓይኗ አይነሳም። ከሁሉ የከበዳት ደግሞ እናቷ ስለ ካዮ መጠየቋ ነው። እነግርሻለሁ ያለኝን ለምን አይነግረኝም? ራዊያ ሳትወድ በግድ የጃፓኗን ሴት ታሪክ ትፈልግ ጀመር።

አገኘችውም። ካዮ ዝም ያለችው እናቷ ታማባት ኖሯል። ዝናዋን ጥላ ወደ ትውልድ መንደሯ ተመልሳ እናቷን አስታመመች፤ የዘፈነችውም ለእሷ ብቻ ነው፤ ያንን ማንም አልቀዳውም። እናቷ ስታርፍ አራተኛውን አልበም እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ቀዳች። አምስተኛውን ስትጀምር ራሷ ታመመች። ሳትጨርሰው አረፈች፤ ያለቁትን ጥቂት ዘፈኖች ወንድሟ ሰብስቦ አወጣቸው። ሞቷ ደግሞ ያ ሲዲ ቆቦ ከመድረሱ በፊት ነው! ለካ እነ ኡሙሃኒ ያን ሁሉ ጊዜ የሙት ድምፅ ነበር የሚያዳምጡት። ስሟን ለፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው የሞተችበት ዓመት ነው። ስለዚህ ጀሚል ያውቅ ነበር። እናቱ ስለወደደቻት መርዶዋን ደብቆ፣ አልበሙን አንድ አንድ እያለ፣ በሕይወት እንዳለች አድርጎ ያወራላት ነበር። ራዊያ ይህን ስትረዳ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ምክንያቱን ለእናቷ ነገረች። አራተኛውን አልበም አሰማቻት። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። ይህን ሐሳብ ከእኛ አገር ሰው በቀር የሚያስበው ያለ አይመስለኝም፤ መርዶን በመርዶ ማለማመድ! እማ የካዮን ሞት ከቻለች የጀሚልንም ትችል ይሆናል አለች። ለአባቷ ብታማክረው አሊ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣት። አንድ ልጄን አጥቻለሁ፣ እናትሽን ደግሞ አትንኪብኝ ብሎ ወደ ማሳው ሄደ። ራዊያ ግን ደክሟት ነበር። ሙቶ የቀረን ወንድም በየቀኑ ማናገር ስንት ቀን ይቻላል? አንድ ከሰዓት በኋላ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ስልኩን ከፈተች። «ጀሚል የላከው ነው፤ ካዮ ታማ ቆይታ ቤቷ ውስጥ አርፋለች ይላል» አለች።

ኡሙሃኒ ምንም አልጠየቀችም። ያቺ ጠያቂ ሴት አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም። ተነሥታ ምንጣፉን ግቢው መሐል አነጠፈች፤ ሻሿን ፈትታ ወገቧን አሰረችበት፤ መሬት ተቀምጣ ደረቷን ያዘች። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ... ሰፈሩ ተነቃነቀ። ሀሊሜ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ ገባች፤ ተነገራት ብላ ነው። «የጃፓኗ ዘፋኝ ሞታ ነው» ስትባል ደርቃ ቆመች። ከኋላዋ የደረሱትም ቆሙ። አንዳንዱ እርስ በርሱ ተያየ፤ ሳቁ የመጣበትም ነበር። ለማያውቋት፣ ቆቦን አይታ ለማታውቅ ሴት ለቅሶ ይቀመጣሉ እንዴ? ግን ለቅሶ ደርሶ ቆሞ ማየት ነውር ነውና ሴቶቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ኡሙሃኒ እየተወዛወዘች ሙሾውን አወረደችው፦

ወንዝ ቢሆን በበጋ ይጎድላል እላለሁ፣
ባሕር ነው የያዘሽ፣ ወዴት አይሻለሁ?
ማን ገላሽን አጥቦ፣ ማን ከፈነሽ ይሆን፣
እናት በሌለበት ውኃ ላይ ሲመሽ ቀን።

ራዊያ ቀና አለች። ካዮ የሞተችው አልጋዋ ላይ ነው። ባሕሩን ከየት አመጣችው? ሴቶቹም ገባቸው። ራዊያ በጉልበቷ ሄዳ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማ፣ ባሕሩን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ጀሚል ደወለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። ከገበያ እስከ መስጊድ በር የልጄን ስም የሚያነሳ ጠፋ። ሰው ሁሉ ባንድ ቀን የሚረሳው ልጅ ነበረኝ እንዴ? አባትሽም ውዱእ ሲያደርግ ውኃውን ማየት ተወ። ያን ጊዜ ባሕር ነው አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አባትሽ እኔን አድናለሁ ብሎ ነው ቆሞ የሚሄደው። እኔ ካለቀስኩ ይወድቃል። አንቺም ወንድምሽን በአፍሽ አኑረሽልኝ ነበር... እኔ እናቱ እንዴት ልግደለው?»

አቤት! ይህን ሰምቶ የቻለ ማን ነው? ሀሊሜ «ጀሚሌ!» ብላ ጮኸች። ያ ለወራት በየቤቱ ታፍኖ የቆየ ስም ባንድ ጊዜ ከሁሉም አፍ ወጣ። አንዷ ሬዲዮዋን የጠገነላትን፣ ሌላዋ ከልጇ ጋር ስልክ ያገናኛትን እያነሳች የራሷን ጀሚል አለቀሰች። ለካ ሰፈሩም ለቅሶው ሆዱ ውስጥ ተቀምጦበት ኖሯል።

አሊ ጩኸቱን ማሳው ላይ ሰማ። ሚስቴ አለቀች ብሎ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ፣ እየሮጠ በሩን ገፍቶ ገባ። ምትኩም ተጠርቶ ኖሮ መለኪያውን ይዞ ከኋላው ደረሰ። ኡሙሃኒ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ በሕይወት አለች። ባሏን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ፊቱ ከስቷል፤ ጺሙ በእነዚያ ወራት ነጭ ሆኗል። ከዚያ ጠየቀችው።

«አሊ፣ አንተ እስከ ዛሬ የት ነበር የምታለቅሰው?»

ሽማግሌ የለ፣ የሚደግፈው የለ። «ማሽላው ውስጥ» አለ።

ኡሙሃኒ ፈቀቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችለት። አሊ ከነጭቃው ተቀመጠ፤ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ በሰው ፊት፣ በድምፅ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ምትኩ የኡሙሃኒን ግፊት ለካ፤ ከፍ ብሏል፣ ግን የሚያሰጋ አልነበረም። የአሊን ሲለካ ደነገጠ፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ መድኃኒት የሚውጡት ሁለቱም ናቸው። ማታውን ድንኳን ተተከለ፤ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዋጃ ሰው መጣ፤ ቁርኣን ተቀራ፤ ዱዓ ተደረገ። ጀሚል መቃብር የለውም፤ ስሙ ግን በአደባባይ ተጠርቶ ተለቀሰለት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር፣ የጃፓን ሴት ሞት ከቆቦ እናት ጋር ምን አገናኘው ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? አንዷ ዳቦ ፋብሪካ እየሠራች የቀዳችው ዘፈን ለማን እንደሚደርስ አታውቅም ነበር። እንዲያ ያለውን ነገር አላህ ያገናኘዋል እንጂ ሰው አያገናኘውም። ያንን ልጅ ከባሕሩ ማን ያስጥለው ነበር ብዬም አልመራመርም፤ የተጻፈ ነው። አንድ ነገር ግን በተጻፈው ላይ አላሳብብም። ሞትን ቀደር ያመጣዋል፤ ባንድ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ለየብቻ ማልቀስን ግን ያመጣነው እኛው ነን።