ያላበው ከረጢት

ሽማግሌው ሹፌር እሁድ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ ራሱን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሳም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። አርብ ከሰዓት ግን ደም የሚያረጉት ህዋሳት፣ ፕላትሌት የሚባሉት፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ተሰጥተውት ነበር። ቢያንስ እስከ ሰኞ ሊጠብቁት ይገባ ነበር።

ሰኞ መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስም የለ። መጀመሪያ የላቦራቶሪ ባለሙያዋን አስጠራች። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ፣

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«ቀስ በይ ልጄ። ለምን?»

«ሞግዚቷን አጠፋኋት።»

ሞግዚት የሚሏት ከረጢቶቹን ቀን ከሌት እሹሩሩ የምትል ማሽን ናት። ፕላትሌት በክፍል ሙቀት እየተወዛወዘ ካልኖረ ይሞታል።

«ሐሙስ ራሴን አሞኝ ጩኸቷን አልቻልኩትም። ለአፍታ ብዬ አጠፋኋትና ረሳኋት። አርብ ጠዋት አብርቼ ዝም አልኩ። ልጄን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው፣ እትዬ፤ ፈራሁ።»

«ከረጢቱንስ ማን አወጣው?»

«ዶክተር። ‹አሞሻል፣ ሂጂ እረፊ፣ እኔ አወጣዋለሁ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል መግባት አቃተኝ።»

ዶክተሩ የሟች የወንድም ልጅ ነው። አጎቱ የጭነት መኪና መሪ ጨብጦ ያሳደገው፣ ያስተማረው። ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ፣

«ልጅቷ ጥፋት የለባትም» አለ።

«አለባት ያለ ሰው አለ እንዴ፣ ዶክተር?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አለች መርማሪዋ በልቧ።

የቀረችው ነርሷ ናት። «ዶክተር የከረጢቱን መረከቢያ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ» አለች እያፈረች። «አላነበብኩትም። ዶክተር ራሱ ነው ያመጣው። ከረጢቱን አልቦት ስለነበር በጋውኔ ጠርጌ ሰቀልኩት።»

«አልቦት?»

«አዎ። የጽሑፉ ቀለም ሁሉ ለቆ ነበር።»

መርማሪዋ ባዶውን ከረጢት ከማስረጃው ውስጥ አውጥታ አየችው። እውነትም ቀለሙ ፈሶ ተዝረክርኮ ነበር። ሦስቱንም ወደ ላቦራቶሪው ጠራቻቸው።

ሞግዚቷ ሲጥ ሲጥ እያለች ትወዛወዛለች። መርማሪዋ ክዳኑን ከፈተች፤ ውስጡ አንድ ከረጢት ተኝቷል፣ የሟች ቁጥር ተለጥፎበት።

«አንቺ ገደልኩ ያልሽው ይኸው» አለቻት ባለሙያዋን። «ለማንም አልተሰጠም። በክፍል ሙቀት የኖረ ከረጢት ደግሞ አያልበውም። የሚያልበው ከፍሪጅ የወጣ ነው። እዚህ ቤት ፕላትሌት ፍሪጅ የሚያስገባው ማነው?»

ባለሙያዋ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ፕላትሌት ማቀዝቀዝ የሚያጠናበት ፍሪጅ አለ» አለች በቀስታ። «ቁልፉ እሱ ጋ ብቻ ነው ያለው።»

መርማሪዋ «ዶክተር» ማለቷን ተወች። «ለምን፣ ልጄ?»

«የቀዘቀዘው ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። በክፍል ሙቀት ያለው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ስንቱን እንደፋለን። ለሕመምተኛ የምሰጥበት ፈቃድ ስምንት ወር ዘገየብኝ» አለ ዶክተሩ። «ለአጎቴ ነገርኩት። ‹አንተ ካልክ እኔ ምን እጠይቃለሁ› አለኝ።»

«ታዲያ ምን ገደለው?»

«የቀዘቀዘው ፕላትሌት ደም ቶሎ ያረጋል፣ ግን ሰውነት ውስጥ አይቆይም። ቅዳሜ ፕላትሌቱን ቆጥሬ ወርዶ አገኘሁት። ይህቺ ከረጢት እዚህ ነበረች፤ አንድ ፎቅ መውረድ ብቻ ነበር። ብሰጠው ግን ይመዘገባል። የአርቡስ የት ሄደ፣ ለምን ሁለተኛ አስፈለገ ይሉኛል። እስከ ሰኞ ይቆይልኛል ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ ማለት እኮ ነው።»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ነርሷ የፈረመችበትን እጇን ጋውኗ ኪስ ከተተች። ባለሙያዋ ግን ነጻ እንደወጣ ሰው አልተነፈሰችም። ከረጢቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችውና ቀስ አድርጋ አወዛወዘችው። ሕያው ፕላትሌት በብርሃን ላይ እንደ ጭስ ይጥመለመላል። ይህኛው እንደ እጣቢ ዝም አለ።

«ቅዳሜ ወርዶ ቢያመጣለትም አያድነውም ነበር» አለች። «ሐሙስ ገድዬዋለሁ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ልትዘጋ ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ይህንንም ይጻፉት፣ እትዬ።»