በር ያዥ ዝም አይልም

«እዚህ ጋ ስጫነውስ?» አለች ሐኪሟ።

«ትንሽ።»

«እዚህስ?»

«እሱ ጋ ብሶ ያማል፤» አለች ሊቋ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ።

ሊቋ ቤተሰቡ ያወጣላት ስም ነው። ሰው ሲሳሳት ሳታርም ማለፍ ስለማትችል ነው ያወጡላት፤ ዜና አንባቢውን እንኳ ከሶፋው ላይ ሆና ታርመዋለች። አሁን ግን በጠባቧ የክሊኒክ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። እናቷ በራስጌ፣ አክስቷ በግርጌ ስለቆሙ መሸሻም የላትም።

«ትርፍ አንጀት ነው፤» አለች አክስቷ። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው በሽታ ለማወቅ ግን ማንንም አትጠይቅም። «የጎረቤታችን ልጅ ልክ እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው። ቀልድ መስሎን ስንስቅ ቢላዋ ስር ገባ።»

እናቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ሐኪሟ ወደ ሊቋ ዞረች። «ትኩሳት የለሽም። አላስመለሰሽም። ሽንት ቤት የተቀመጥሽው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት፤» አለች ሊቋ፣ ከሚገባው በላይ ፈጥና።

ውሸት ነው። እውነቱን ብትናገር ቀጣዩ ጥያቄ «ለምን?» ነው የሚሆነው። ለምን ከተባለ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር ይነሳል፤ በሩ ከተነሳ ደግሞ እናቷ ትነሳለች። እናቷ አንድ ጊዜ ለጠፋ ሹራብ ትምህርት ቤት መጥታ፣ በጠዋት ሰልፍ ፊት ቆማ፣ ሹራቡ እስኪገኝ ድረስ ተማሪውን በሙሉ መርምራለች። ከዚያ ወዲህ ዳይሬክተሩ እሷን በሩቅ ሲያይ ስልክ የተደወለለት ይመስል ቢሮው ይገባል። ያቺ እናት ስለ በሩ ከሰማች፣ ከበሩ ጀርባ የሆነውን ያልሰማ ተማሪ አይኖርም። ሊቋ ከዚህስ ሞት ይሻላል ብላ ወስናለች።

«እንግዲያው ሌላ ነገር መፈለግ አለብን ማለት ነው፤» አለች ሐኪሟ። «ወደ ሆስፒታል ልጻፍላችሁ። በማሽን ትታይ። እስከዚያ ምንም እንዳትቀምስ።» እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ግን አልጻፈችም። ሊቋን ታያት ጀመር።

አክስቲቱ ስልኳን አውጥታለች። «ሄሎ? አዎ፣ ሊቋን ሊቀዷት ነው። ምን እናደርጋለን፣ ትርፍ አንጀት ነው። በግራ በኩል።»

ሊቋ ከንፈሯን ነከሰች። ዝም ለማለት የቻለችውን ያህል ሞከረች።

«ትርፍ አንጀት በቀኝ ነው፤» አለች።

«ትክክል፤» አለች ሐኪሟ። «በግራ ታዲያ ምን አለ?»

«ቁልቁል የሚወርደው የትልቁ አንጀት ክፍል።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ከትንሹ አንጀት የተረፈውን ይቀበላል። ውሃውን ይመጥጣል። የቀረውን ወደ ታች ይገፋል።» የሊቋ ድምፅ እየደመቀ መጣ። ነገ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የምታቀርበው ይህንኑ ነው፤ ሥዕሉን ሳይቀር በሦስት ቀለም ሠርታ ጨርሳለች።

«የቀረው ሳይወጣ ቢቆይስ?»

«ትልቁ አንጀት መምጠጡን አያቆምም። ውሃው እያለቀ ሲሄድ እየጠነከረ፣ እየጠነከረ…» ቆመች።

«ቀጥዪ።»

«እየጠነከረ ይሄዳል፤» አለች ሊቋ ቀስ ብላ።

«ከዚያስ?»

«ሆድ ያማል።»

«በየት በኩል?»

አክስቲቱ ስልኩን ከጆሮዋ አነሳች።

«በግራ፤» አለች ሊቋ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች። «እናንተ ውጪ ብትጠብቁንስ?»

«እኔኮ አክስቷ ነኝ፤» አለች አክስቲቱ።

«ገብቶኛል። ለዚያ ነው ውጪ የምልዎት።»

በሩ ሲዘጋ ሊቋ ሁሉንም አወጣችው። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ሽንት ቤት ሦስት ክፍል አለው። ሁለቱ የተሰበረ ወንበር ተጠቅጥቆባቸው ተቆልፈዋል። ሦስተኛው ይሠራል፤ መቀርቀሪያ ግን የለውም። ስለዚህ ሴቶቹ ሕግ አውጥተዋል። ማንም ያለ በር ያዥ አትገባም። በር ያዥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ በተረከዟ ደግፋ ትቆማለች። ደግሞም ዝም አትልም፤ ድምፅዋ እስከተሰማ ድረስ የውስጧ ልጅ ልቧ ያርፋል። ለዚህ ሥራ እንደ ሬዲዮ የተፈጠረ ሰው የለም። ሬዲዮ የሊቋ የልብ ጓደኛ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ በሒሳብ ፈተና ቀን፣ ሬዲዮ በር ይዛ ስለ ጎረቤቷ ድመት ስታወራ መሃል ላይ ጸጥ አለች። ሊቋ ተጣራች። መልስ የለም። ከዚያ በሩ በራሱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ፊት ለፊት የትምህርት ቤቱ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን እጁን ለመታጠብ ተሰልፏል፤ ተጠባባቂዎቹም አልቀሩም።

«የሒሳብ አስተማሪው ጠርቶኝ ነው፤» አለች ሬዲዮ በኋላ፣ መሬት መሬት እያየች። የሒሳብ አስተማሪው በዚያ ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ የፈተናቸው ሌላ ሰው ነበር። ሊቋ ይህን እያወቀች አላረመቻትም። በሕይወቷ ስህተት ሰምታ ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው። ዝም ብላ ዘጋቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ውሃ የሚባል አልቀመሰችም። ምሳዋም ደረቅ ዳቦ ሆነ፤ ለሆዷ ምክንያት ላለመስጠት ነው። በረፋዱ እረፍት ሆዷ ሲጠራት እግሯን አጣምራ ታሳልፈዋለች። ቤት ደግሞ ጠዋት ጠዋት አባቷ ጋዜጣውን ይዞ ይገባና የጨረታ ማስታወቂያውን ሳይጨርስ አይወጣም። ማታ ሲመቻት ሆዷ አኩርፎ ተኝቷል።

ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ሊቋ ለዚህ አመሰገነቻት።

«ቁርስ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት ቦታ ሊለቅ ይነሳሳል፤» አለች ሐኪሟ። «ያኔ ነው የሚጠራሽ። ደጋግመሽ እምቢ ካልሽው መጥራቱን ይተዋል። ፍርሃት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ፍርሃት የአንዱን ሆድ ይቆልፈዋል፣ የሌላውን ያስሮጠዋል።»

«ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው በሩ መቀርቀሪያ ይኖረው ይሆናል።» ሽሮፕ ጻፈችላት። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብዪ፣ ተንቀሳቀሺ አለቻት። «ለእናትሽ የሆድ ድርቀት ነው እላቸዋለሁ። የበሩን ነገር የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።»

ያን ማታ እናቷ ብርጭቆ እየሞላች፣ አክስቷ ፓፓያ እየቆረጠች አላስቀምጥ አሏት። በማግስቱ ጠዋት አባቷ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ወደ ሽንት ቤት ሲያመራ፣ ሊቋ በአጠገቡ ሽው ብላ አለፈችና በሩን ዘጋች። አባቷ ጨረታውን ቆሞ አነበበ። ስትወጣ ሦስቱም ተሰልፈው ጠበቋት።

«እ?» አለች አክስቷ።

«ሰላም ነው፤» አለች ሊቋ። ከሳምንት ወዲህ እንዲህ ቀሏት አያውቅም፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

አክስቲቱ ለዘመድ ሁሉ እንደገና መደወል ነበረባት። «አይ፣ መቀደዱ ቀረ። እንዴት እንደዳነች በስልክ አይነገርም።»

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሊቋ ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ሰቅላ ከአፍ ጀምራ እስከ መጨረሻው አወረደችው። አስተማሪዋ «የምግብ መፈጨትን የሚያውከው ምንድን ነው?» ስትላት የውሃ ማነስን፣ የአትክልት ማነስን፣ ቁጭ ብሎ መዋልን፣ ሲጠሩ እምቢ ማለትን ተናገረች። ኮዳዋን አንስታ ጠጣችና «ፍርሃትም አለ፤» አለች። «የአንዱን ይቆልፈዋል፣ የሌላውን ያስሮጠዋል።»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ተቀምጣ ስታንሾካሹክ የነበረችው ሬዲዮ ግን ድንገት ጸጥ አለች፤ አንገቷን ደፍታ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። እርሳሱ የተቀረጸ ነበር። ሊቋ ይህን አየች፤ ቦታዋ ተመልሳ ብትቀመጥም ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣም።

እረፍት ተደወለ። የፓፓያው ነገር ነው መሰል፣ ሆዷም በሰዓቱ ጠራት። ሊቋ እግሯን አጣመረች። አሁን እምቢ ብትለው ነገ የክሊኒኩ አልጋ ላይ ናት፤ እሺ ብትለው ደግሞ በር ያዥ ያስፈልጋታል። ኮዳዋን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ ከዚያ ሬዲዮን አየች። ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«በር ትይዢልኛለሽ?» አለቻት።

ሬዲዮ በጥድፊያ ስትነሳ ወንበሯ ወደቀ።

ሊቋ ገባች። ሬዲዮ በሩን በተረከዟ ደግፋ ሳምንት ሙሉ የተጠራቀመባትን ለቀቀችው፤ ድመቷ መውለዷን፣ የልጆቿን መልክ፣ የባለቤቷን ጭቅጭቅ ዘረዘረች። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ።

«የሒሳብ አስተማሪው አልጠራኝም።»

«አውቃለሁ። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነበር።»

«ሆዴ ነው። ፈተና ሲመጣ አያስቆመኝም። ያለውን አንድ ሽንት ቤት አንቺ ይዘሽዋል። ምን ላድርግ፣ ሮጥኩ።»

«የት?»

ውጪ ጸጥ አለ። ሊቋ በሩ ላይ አፈጠጠች። የሬዲዮ ተረከዝ በሩን ቀስ ብሎ መታው፤ አለሁ ማለቷ ነው።

«የወንዶቹ ጋ።»

«የወንዶቹ?»

«ሰው ነበረበት።»

«ማን?»

«የስፖርት አስተማሪው።»

ሊቋ ሳቋ እንዳያመልጣት የሹራቧን እጅጌ ነከሰች፤ አመለጣት። ሬዲዮም ከውጪ ተቀበለቻት። እየሳቁ ቆዩ። ሳቁ ለሆድም ይበጃል፤ የቀረው ሁሉ ያለ ችግር አለቀ።

ሊቋ ስትወጣ የሬዲዮ ፈገግታ ጠፍቶ ግንባሯን ላብ አቸፍችፎታል።

«ከእረፍት በኋላ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ አይደል?» አለች ሊቋ።

ሬዲዮ በሩን አየችው። «አንቺ በር መያዝ አትችዪም። ማረም እንጂ ማውራት የት ታውቂያለሽ?»

«ግቢ አልኩሽ።»

ሬዲዮ ገባች። ሊቋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተረከዟን አስደገፈች። የመረብ ኳስ ቡድኑ ሊታጠብ እየመጣ ነው። አፏን ከፈተች፤ የሚወራ ነገር ጠፋባት።

«ሊቋ?» አለ ከውስጥ የፈራ ድምፅ። «አለሽ?»

«ምግብ ጉዞውን የሚጀምረው ከአፍ ነው፤» አለች ሊቋ። «ጥርስ ይሰባብረዋል፣ ምራቅ ያርሰዋል…»

«ጮክ በይ።»

ጮክ አለች። ቡድኑ ዞሮ አያት፤ እሷም መልሳ አየችው፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ምግቡን በጉሮሮ አወረደች፣ ጨጓራ ውስጥ አላመችው፣ ትንሹ አንጀት ጋ ስትደርስ ንግግሯን ገታ አደረገች።

«ሬዲዮ።»

«አቤት።»

«ዛሬ ማታ ስለ መቀርቀሪያው ለእናቴ ልነግራት ነው።»



«ለእናትሽ?»

«ለእናቴ።»

«ዳይሬክተሩ አለቀለት፤» አለች ሬዲዮ። «ትንሹ አንጀት ጋ ነበርሽ፤ ቀጥዪ።»

ሊቋ ተረከዟን አጠበቀችና ቀጠለች።