ያላለቀሰችው

የአማርኛ መምህርቷ ትርንጎ ፈተና ማረም አይሰለቻትም። ሐሙስ ከሰዓት፣ የደብረ ሲና ጉም መስኮቱን አፍኖ ክፍሉን ሲያጨልመው፣ የእርጥብ ግድግዳና የጠመኔ ሽታ እየማገች ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ትቀመጣለች። ያኔ የተማሪ ስህተት እንኳ ያስቃታል። የዛሬው ጥያቄ ራሷ የገጠመችውን ሁለት መስመር ማብራራት ነበር፤

እናቴ ከእናቷ የወረሰችውን፣
ለኔም አወረሰች ያላለቀሰችውን።

ጠረጴዛዋ ላይ ካገኘችው ክምር የመጀመሪያው ወረቀት፣ «የወረሱት ሐዘን ነው» ይላል። ሙሉ ነጥብ ሰጠችው። ሁለተኛው፣ «እናትየዋ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች» ይላል። ትርንጎ ፈገግ አለች፤ ይህን የማታደርግ እናት የት አለች? ሦስተኛው ግን፣ «አፏን በአረንጓዴ ፎጣ ታፍናለች» ሲል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሷ ስታለቅስ አፏን የምታፍንበት ፎጣ አረንጓዴ ነው። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

የትርንጎ እናት አንድ ቀን እንኳ ሳትስቅ ነው የሞተችው። ትርንጎም ሴት ልጅ ስትወልድ፣ ይሄ ነገር በእኔ ይብቃ ብላ ምላለች፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለልጇ ለማርዳ ከፈገግታ በቀር ሌላ ፊት አሳይታት አታውቅም።

አራተኛውን ገለጠች። «ልጅቷ ከበሩ ውጭ ቆማ ትሰማለች።» ከጉሙ ውስጥ ይሰማ የነበረው የልጆች ጫጫታ ጠፍቶ፣ የቀረው የገዛ ትንፋሿ ብቻ ነበር። አምስተኛው፣ «ልጅቷም ፈገግ ማለት ትማራለች» ይላል። መልሳ ብታያቸው ሁሉም በአንድ እጅ፣ በሚንጋደድ የሕፃን ፊደል ተጽፈዋል።

በሩ ተከፈተ። ፈታኙ ጋሽ ንዋይ ነበሩ፣ እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዘው።

«መምህርት፣ ልጆቹ አሁን ገና ጨረሱ፤ ወረቀታቸው ይኸው።»

«ታዲያ ይሄስ የማን ነው?»

ጋሽ ንዋይ ወደ ክምሩ ጎንበስ ብለው አዩ። «ባዶ ወረቀት ነው እኮ! ምነው፣ አሞሻል እንዴ?»

ጃንጥላዋን እንኳ ሳታነሳ ወደ ቤቷ ሮጠች። ሠራተኛዋ ጓሮ ልብስ ታጥባለች፤ ማርዳ ብቻዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ትርንጎ ተንበርክካ አቀፈቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፊቷን ሳትደብቅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደረቷ ቀለላት።

«ይሄ ለቅሶ የእኔ ነው፣ የኔ ዓለም። አንቺ ጋ አይደርስም። በእኔ ያበቃል።»

ማርዳ በትንሿ እጇ የእናቷን ጀርባ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገች።

«እናትሽም ልክ እንዲህ ብላሽ ነበር» አለች፣ አያቷን አይታ የማታውቀው ሕፃን፤ «አንቺም አምነሻት ነበር።»