የመጀመሪያው ወር ልክ

ኢንስፔክተር ውባየሁ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ቄስ ወንዳፈራሁ መደቡ ላይ ተዘርግተው ነበር። ነጭ ለብሰዋል፤ ጥምጣማቸው አንድ እጥፋት ሳይዛነፍ ተጠምጥሟል። ለቅዳሴ ሊነሡ ጥቂት ያረፉ እንጂ የሞቱ አይመስሉም። ከመደቡ ሥር አንድ ኩባያ ተደፍቷል። ኢንስፔክተሩ አንሥቶ አሸተተው።

ኮሶ ነው።

ዕለቱ ታኅሣሥ 18 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ዋዜማ ነበር። ከሞላሌ በላይ ባለችው በዚህች መንደር ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሰዉ ግን ዐውድማውን ትቶ ከቄሱ ደጅ ቆሟል። ወሬውም አንድ ነው፤ ሚስትየዋ አስታማ ስለታከታት መርዛ ገደለቻቸው። የውባየሁ አለቃም ይህንኑ ሰምቶ ትእዛዙን በስልክ ሰጥቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። አስከሬኑ ለምርመራ አዲስ አበባ፣ ሴትየዋ መሐል ሜዳ እስር ቤት።

ወሰንየለሽ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ላይ ገና ያልተራገፈ ዱቄት አለ።

«ከቤት መቼ ወጡ?»

«ትናንት ጧት። ለበዓሉ ላስፈጭ ሞላሌ ወረድኩ። ወፍጮው ተበላሽቶ እህቴ ቤት አደርኩ። ረፋዱ ላይ ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«ኮሶውስ?»

«እኔ ቤት ኮሶ የለም ጌታዬ። እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ዶክተሯ ከልክላናለች።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወደ እስር ብትወስደኝም ውሰደኝ። ግን ሳልቀብራቸው አትውሰደኝ።»

«ዶክተሯ» የተባለችው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አርሴማ ናት። በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ነበር። ነገሩን ከሥሩ የነገረችውም እሷ ናት።

ሰኔ ላይ የቄሱ አንጀት ተጠማዘዘ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተወስደው የሞተው ክፍል ተቆረጠ፤ የቀጭኑ አንጀት ጫፍ በሆዳቸው በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ወጣ፤ ከላዩም ከረጢት ተለጠፈበት። በዓመቱ ወደ ውስጥ ይመለሳል ተብሏል። እስከዚያው ግን ከዚያ የሚወርደው ፈሳሽ የነካውን ቆዳ ሁሉ እንደ ፍም ያቃጥላል።

«ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዙሪያውን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ለሲስተር ጽናት እልካለሁ። እዚያው ደብረ ብርሃን ሆና አይታ ይህን ቀቡት፣ ያንን ተዉት ትለኛለች። ከደጁ ካብ ላይ ካልወጣሁ ኔትወርክ የለም። የመንደሩ ጎረምሶች ‘አርሴማ ከመላእክት ጋር ልትነጋገር ወጣች’ ይሉኛል።» ፈገግ ልትል ሞከረችና አልሆነላትም።

«ከረጢቱን የሚቀይርላቸውስ?»

«እሷ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።» ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ የሳሙና ካርቶን አሳየችው። መሐሉ ክብ ሆኖ ተቀዷል። «ልኩ ይህ ነው። ከረጢቱ ላይ አስደግፋ ትሥልና ቀዳዳውን ትቆርጣለች።»

ውባየሁ ጣቶቹን አስገባበት። ሁለት ጣት ያስገባል።

ካቡ ላይ ወጥቶ ለነርሷ ደወለ። ሞቱን ነገራት።

«ሲስተር?»

«አለሁ። ልክ አርሴማ እንደምታነሣው አንሡልኝ። የክብሪት ቀፎ ለመጠን ከጎኑ ይቀመጥ። ከዚያ ከረጢቱን ላጡና ጀርባውን አሳዩኝ።» ከዚያም ጨመረች። «ቀስ ብላችሁ። እንደሚያማቸው አድርጋችሁ።»

አርሴማ እንደዚያው አደረገች። ፎቶዎቹን እየላከች ሳለ አንድ ሰው እጁን አፈር እንደለበሰ በአጥሩ ገባ። የቄሱ ታናሽ ወንድም ዳኜ ነው፤ መቃብር ሲቆፍር ቆይቶ ውኃ ሊጠጣ የመጣ።

«ከወንድምህ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለው ውባየሁ።

«ስድስት ወር አልተነጋገርንም።»

«በመሬት?»

«የመሬትማ ቢሆን ሽማግሌ ይጨርሰው ነበር።» ውኃውን ሳይጠጣ ቅሉን መለሰ።

ዳኜ ሲሄድ ወሰንየለሽ የቀረውን ነገረችው።

«ሆስፒታል የሄደው እሱ ነው፤ እኔ ከከብቱ ቀረሁ። እሳቸው ራሳቸውን ስተው ስለነበር የሚቆረጠው ይቆረጥ ብሎ የፈረመ እሱ። ነቅተው ከረጢቱን ሲያዩ ‘ከመቅደስ አስወጣኸኝ’ አሉት። ፈሳሽ ያለበት ቄስ መች ይቀድሳል? ፊታቸውን እንዳዞሩበት ሦስት ሳምንት አጠበ፣ ቀየረ። አምጥቶ አስረከበኝና ከዚያ ወዲህ ይህን ደጃፍ አልረገጠም።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ውባየሁ ሦስቱንም ካቡ ዘንድ ጠራቸው። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አኖረው። ከዳገቱ የሚወርደው ነፋስ ይበርዳል፤ ማንም ግን ወደ ቤት እንግባ አላለም።

«ሲስተር ጽናት፣ ያዩትን ለነሱም ይንገሯቸው።»

«ቅዳሜ የላክሽልኝ ቆዳ፣ አርሴማ፣ የሕፃን ቆዳ ነበር። የዛሬው ተልጧል። ያ ቁስል የቆየ አይደለም፤ የአንድ ቀን ነው። ብዙ ነገር ባንዴ ወርዶበታል።»

«ወይዘሮ ወሰንየለሽ ትናንት ጧት ወጥተዋል» አለ ውባየሁ። «ወፍጮ ቤቱንና እህታቸውን በስልክ ጠይቄያለሁ፤ እውነት ነው። ኮሶው የተጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከረጢቱስ?»

«ማጣበቂያው ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ ቆዳን ይይዛል። የቆዳው መሥመር ሁሉ ታትሞበታል። ስለዚህ በሕይወት እያሉ ተለጥፎ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቷል። ግን ባዶ ነው። አንድ ጠብታ እንኳ የለበትም።» ድምፅዋ ተቆረጠና ተመለሰ። «ከቀጭን አንጀት የሚመጣ ፈሳሽ ቀን ከሌት ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። የሚቆመው አንጀቱ ተሟጦ ሲያልቅ ነው። የሰውነታቸው ውኃ አልቆ ነው የሞቱት።»

«እንግዲህ» አለ ውባየሁ፣ «አንድ ሰው ኮሶውን አመጣ። ግን ሰጥቶ አልሄደም። ቆየ፣ አጠበ፣ ንጹሕ ከረጢት ለጠፈ፣ ጥምጣም ጠመጠመ። መርዞ የሚገድል ሰው ይህን አያደርግም። ታዲያ ማነው? አርሴማ፣ ያን ካርቶን ከጎኑ ያዥው።»

አርሴማ ካርቶኑንና ከቄሱ ሆድ የተላጠውን ከረጢት ጎን ለጎን ያዘች። የከረጢቱ ቀዳዳ የካርቶኑን እጥፍ ሊያህል ምንም አልቀረው።

«ሲስተር፣ ይህ ስሕተት ነው?»

«ለዛሬ ስሕተት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የወጣው አንጀት ያብጣል፤ በሁለት ወር ውስጥ እያነሰ ይሄዳል። አርሴማ ልኩን ሁለት ጊዜ አሳንሳዋለች። ይህኛው የመጀመሪያው ወር ልክ ነው። እኔው ራሴ ያስተማርኩት ልክ…» አልጨረሰችውም።

ውባየሁ አንገቱን አቀረቀረ። «ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቢቆርጡት በካርቶኑ ልክ ይቆርጡ ነበር። አርሴማም እንደዚያው። በእጁ ልምድ፣ ካርቶን ሳይፈልግ፣ የሰኔውን ልክ የሚቆርጥ አንድ ሰው ነው፤ ሰኔ ላይ ሆስፒታል ተምሮ ከዚያ ወዲህ ያን ሆድ ያላየ።»

ወሰንየለሽ ቀስ ብላ ዞረች።

ዳኜ እጁ ላይ የደረቀውን አፈር እየፈረፈረ ነበር።

«አንቺ ቁልቁለቱን ስትወርጂ በስሜ ጠራኝ» አለ። «ስድስት ወር ስሜን አልጠራም። ‘ያስወጣኸኝ አንተ ነህ፤ አንተው አስገባኝ’ አለኝ። ‘ኮሶ ከጠረገኝ ለገብርኤል ቅዳሴ ያህል እደርቃለሁ’ አለ። እኔም አመንኩት፤ ኮሶውን አመጣሁለት። ኮሶ የጠጣ ሰው በማግስቱ ባዶ አይደል? ሌሊቱን ስቀይርለት አነጋሁ። ውኃ ስሰጠው ‘መልሶ ይፈሳል’ እያለ እምቢ አለ። ሲነጋ ቆመ።»

«ቆመ?» አለች ወሰንየለሽ።

«ቆመ። የመጨረሻውን ከረጢት ለጠፍኩለት። እያየነው ምንም ጠብ አላለም። ‘ደረቀ፣ ዳኜ’ አለኝና ሳቀ። ጥምጣሙን ጠመጠምኩለት። ‘ነገ እንዳልደነቃቀፍ ልለማመድ’ ብሎ ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ጀመረ። ድምፁ ያው የድሮው ነበር። እየደከመው ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። እኔ የሕዝቡን ተሰጥዎ እየተቀበልኩ… ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው።»

«እሷን ነፍሰ ገዳይ ሲሏት እየሰማህ ዝም አልክ» አለ ውባየሁ።

«መቃብሩን ልጨርስና ብዬ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይቆፍርለት።»

ከስልኩ ውስጥ ነርሷ ተናገረች። «አባ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። ‘ሲስተር፣ ለሦስት ሰዓት ብቻ የሚያደርቅ መድኃኒት አይኖርም?’ አሉኝ። ‘እንኳን ሦስት ሰዓት ሦስት ደቂቃም አይደርቅ፣ አባ’ ብዬ ሳቅሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ቆዳው ደህና ነው ወይ ብቻ ነበር ያልኩት። ሃያ አራት ሳምንት ቆዳቸውን ስመለከት…»

መሥመሩ ተቋረጠ። አርሴማ ስልኩን አንሥታ ልትደውል አለችና ተወችው።

ውባየሁ ለአለቃው በአጭሩ ደወለ። ሴትየዋ ነጻ ናት፤ የሞቱ ምክንያት ታውቋል፤ አስከሬኑ አይነሣም፤ ወንድምየው ከቀብር በኋላ አብሮት ይመጣል። አለቃው «ጎበዝ» አለው። ቃሉን የሰማው እንደ ስድብ ነበር። ጧት ይህች ሴት የነበራት አንድ ሐዘን ነው። እሱ አሁን ሁለተኛ ጨመረላት፤ ደግሞ እውነቱን ባያገኝ እስር ቤት ነበረች። የትኛው እንደሚሻል እሱም አያውቅም።

«ሂድና ጨርስ» አለው ዳኜን። «እጠብቅሃለሁ።»

ዳኜ አልተንቀሳቀሰም። ወሰንየለሽን እየጠበቀ ነበር። እሷም ከአርሴማ እጅ ካርቶኑን ተቀብላ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ብዙ ቆየች። ቀና ስትል አልጮኸችበትም።

«ደርቆ ነበር አልክ?»

«አንድ ጠብታ አልነበረም።»

«አሁንም አልፈሰሰም።» ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለከተች። የዋዜማው ደወል ገና አልተደወለም። «እንግዲህ ዳኜ፣ ቀድመህ ሂድና ካህናቱን ጠይቅልኝ። እንዲህ ከሆነ መቅደስ ያስገቧቸው እንደሆነ።»