የጮኸው ጠርሙስ

ሁለት ሴት ልጆቿ በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ጎን ለጎን ሲሠሩ እያየች ፈጣሪዋን ስታመሰግን የኖረች አንዲት እናት ነበረች። ታላቅየዋ ሃያ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳለች፤ ሐኪሞቹ «ንስሯ» ይሏታል። ታናሽየዋን እጇን ይዛ ሥራውን ያስተማረቻትም እሷው ናት። በኋላ አዲስ ማሽን መጣና ታናሽ ሠለጠነችበት። የበሽተኛ ደም የተቀዳበት ጠርሙስ ውስጥ ባክቴሪያ ሲበቅል ጠርሙሱ የተቀመጠበት ማሞቂያ ሣጥን ይጮሃል፤ «ጠርሙስ ጮኸ» ይባላል። ድሮ ከዚያ ወዲያ ሳህን ላይ አብቅሎ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ነበር፤ ታናሽ ግን በአዲሱ ማሽን በአንድ ሰዓት ውስጥ የባክቴሪያውን ማንነት አውቃ፣ ተገቢውን መድኃኒት እንዲሰጥ ለሐኪሙ ትደውላለች። ሐኪሞቹም በር ላይ ቆመው፣ «ታናሽየዋ የለችም?» ማለት አመጡ። ይቺ ጥያቄ የታላቅን አንጀት አሳረረችው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይሉ የለ? የገዛ እህቷን ሳቅ መስማት እንኳ አስጠላት።

አንድ ጠዋት ታናሽ ከሥራ ቦታዋ ጠፋች። «ከሐኪሞቿ ጋር ሽር ጉድ ትበል» አለች ታላቅ በሆዷ። ያኔ አንድ ጠርሙስ ጮኸ። ላዩ ላይ የካርድ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ወዲያው ታናሽ ደወለች።

«እትዬ፣ የጮኸ ጠርሙስ አለ?»

«የለም።»

ምላሷን እንኳ አላደናቀፋትም። ደሙን እንደ ድሮው ሳህን ላይ ዘርታ ማሞቂያ ውስጥ ዘጋችበት። አንድ ቀን ቢዘገይ ምን ይመጣል? ሃያ ዓመት እንዲህ ስንሠራ አይደል የኖርነው? ነገ መልሱን የምትናገረው ንስሯ ራሷ ናት! ታናሽ ሁለቴ ደግማ ደወለች፤ ሁለቴም «የለም» አለቻት።

በማግስቱ ገና በማለዳ ሳህኑ ላይ የበቀለውን ለየችና ደስ እያላት ወደ ዋርድ ደወለች። የካርድ ቁጥሩን ጠርታ፣ «ይሄን ባክቴሪያ የተለመደው መድኃኒት አይገድለውም፣ ቀይሩት» አለች።

ነርሷ የካርዱን ቁጥር ደግማ አየች። «እህቴ… አልነገሩሽም እንዴ? እናትሽ እኮ ናቸው። ንጋት ላይ አረፉ።»

ለካስ እናት ታማ ስትገባ፣ «ታላቅሽ ደንጋጣ ናት፤ እስኪሻለኝ እንዳትነግሪያት» ብላ ታናሽን አስምላት ኖሯል! ያን ቀን ሙሉ ታናሽ የደወለችው ከእናቷ አልጋ አጠገብ ሆና ነበር…

ለቅሶው ላይ ታናሽ የእህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ ጠርሙሱ ቶሎ ቢጮህ ኖሮ እደርስላት ነበር… ማሞቂያው ጉድ ሠራኝ።»

ታላቅ ዝም ማለት ትችል ነበር። የሚያውቅባት ማንም የለም።

«ጮኾ ነበር» አለች።

የታናሽ እጆች ከአንገቷ ላይ ወረዱ። ሞት ከእግዜር ነው ይባላል፤ ታላቅ ግን ይሄንን ሞት ለእግዜር መስጠት እስከ ዛሬ አቅቷታል።