ግራው ዝቅ፣ ቀኙ ዝቅ

መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ ጋራዡ ገባ።

ቤት ያክላል። አልጋ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ ሳይቀር አለው። የኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ብሎ አያውቅም። እትዬ ጉዲቱ ከኪዮስካቸው አንገታቸውን አውጥተው ተጣሩ።

«ዱባለ! ቤቱ ራሱን እየነዳ መጣልህ! እንግዲህ ሚስት ብቻ ነው የቀረህ።»

ዱባለ ሳቀ። መሳቅ የሥራው አንዱ ክፍል ነው።

ስሙ ግን ዱባለ አይደለም። ሁንዴ ነው። ሦስት ዓመት የመኪና መብራት ሲያቃና የኖረ ሰላይ። ሁንዴ መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃው «አጎት» እና የሥራ ጓደኛው ሌሊሴ። ሌሊሴ ሳንሱሲ ላይ ተገደለች። «ገዳይዋ በዚህ መንገድ ማለፉ አይቀርም፤ ጠብቀው» ብሎ ጋራዡ ውስጥ የተከለው አጎት ነው።

ጠበቀ። ቂሙን እንደ እርሾ እያሳደረ ጠበቀ።

ሹፌሩ ወረደ። ሮቤራ እንደሚባል ተናገረ፤ ዓይኑ ግን በሩን ነበር የሚያየው።

«ፓውዛው መሬት መሬቱን ብቻ ነው የሚያየው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ዱባለ ጋ ሂድ አለኝ።»

«አናቱ ላይ ምን ጭነህበት ነው?»

«የቱሪስት ኮተት።»

«ቱሪስቶችህ ድንጋይ ነው እንዴ የሚለብሱት?»

ሮቤራ አልሳቀም።

ሁንዴ መኪናውን ከግንቡ ፊት ለፊት አስቆመው። በጠመኔ መስመር አሰመረ። መብራቱ ሲበራ ሁለቱም ዓይኖች ከመስመሩ በታች ወደቁ። ካቻቢቴውን አነሳ።

«ቀኙን ብቻ አቅናው» አለ ሮቤራ። «ግራው እንደወረደ ይቆይ።»

የሁንዴ እጅ ቆመ።

«ለምን?»

«የሚቀበለኝ ሰው በዚህ ነው የሚለየኝ።»

ግራው ዝቅ ሲል፦ ሰላም ነው፣ ውጣ። ቀኙ ዝቅ ሲል፦ ተበልተናል፣ በጀርባ አምልጥ።

ይህን ምልክት የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሌሊሴ ግራ መብራቱ ዝቅ ያለ መኪና አይታ ከተደበቀችበት ወጣች፤ የጠበቃት ግን ጥይት ነበር። አንዷ ሞታለች። አንዱ ካቻቢቴ ይዞ ቆሟል።

አጎት።

ገዳዩን እንዲጠብቅ የተከለው ገዳዩ ራሱ ነው። የተከለውም እዚህ ተቀብሮ እንዲረሳ ነው።

«ምነው ፈዘዝክ?»

«ብሎኑ ዝጓል።»

የቀኙን ብሎን አዞረ። ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠመኔው ላይ ወጣ። ሮቤራ ግንቡን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ልኬቱን ላረጋግጥ፤ ከኋላ በመጋረጃው የሚገባው ብርሃን እያሳሳተኝ ነው» አለ ሁንዴ። «ዝጋልኝማ።»

ውሸት ነው። መጋረጃና ፓውዛ ምን አገናኛቸው? ሮቤራ ግን ሄደ።

ግራው ወደ ላይ። ቀኙ ወደ ታች። ከዚያ መብራቱን አጠፋው።

«ሳንሱሲ በዚህ ሰዓት መንገዱ ይዘጋል?» ሮቤራ መሪውን ይዞ ጠየቀ።

«ትንሽ። አትቸኩል። የመንገዱ መብራት እንደ ቀን ነው፤ ፓውዛህ ይብራ አይብራ አይታወቅህም።»

መኪናው ወጣ። ሁንዴ ስልኩን አንስቶ ለትራፊክ ፖሊስ ደወለ።

«ባለአልጋ መኪና፣ ቀኝ መብራቱ ጠማማ። ሳንሱሲን ሲያልፍ ያዙት። አናቱን ፈትሹ።»

የጋራዡን ሞተር ሳይክል አስነሳ። በውስጥ ለውስጥ በረረ።

ከሳንሱሲ ቤቶች ጀርባ ወደ ወንዙ የምትወርድ ቀጭን መንገድ አለች። ሦስቱ የተስማሙባት ማምለጫ ናት። መጨረሻዋ ላይ የእንጨት ድልድይ አለ። ሁንዴ እዚያ ቆመ። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና አልጠቆረም።

የእግር ኮቴ መጣ።

አጎት ነው። ካፖርቱን ሰብስቦ፣ እያለከለከ።

«ሁንዴ! ልጄ፣ ተበልተናል!»

«ማን ነገረዎት?»

«መብራቱ...»

አፉን ዘጋ።

ዘግይቷል።

«ለሌሊሴም የነገራት መብራቱ ነው፣ ጋሼ።»

አጎት በሁንዴ እጅ ያለውን ሽጉጥ አየ። ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ያህል ጎበዝ ነበር።

«እኔን ከገደልክ ሁንዴ መሆንህን የሚመሰክር ሰው አይኖርም። የትም መዝገብ ላይ የለህም። እኔ ስሞት አንተም ትሞታለህ።»

እውነቱን ነው። ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ስሜን ሌሊሴ ይዛው ሄዳለች።»

ተኮሰ።

የሳንሱሲ ውሾች ብቻ መለሱለት።

በማግስቱ ወሬው ከሁንዴ ቀድሞ ጋራዡ ደርሶ ጠበቀው።

«ያ ቤት ተያዘ!» አሉ እትዬ ጉዲቱ። «አናቱ ላይ የተሰረቀ የመንግሥት መገናኛ ራዲዮ ታጭቆበት። ሹፌሩ ምን ሲል ነበር አሉ መሰለህ? ዱባለ የሚባል ደንቆሮ ነው መብራቴን አጣሞ ያስያዘኝ!»

«ተሳስቼ ነው፣ እትዬ።»

«አይ ያንተ ነገር! እኔ እኮ ለሰው ሁሉ አንተን ነው የምጠቁመው። አሁን በምን አፌ?»

«እየደከምኩ ነው መሰለኝ።»

«ነግሬህ ነበር። ሚስት!»

አንድ ሚኒባስ መብራቱን መሬት ላይ ደፍቶ ገባ። ደንቆሮም ቢሆን ከሱ ሌላ በቅርብ ማን አለ? ጠመኔውን አነሳ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ጓደኛውን ይጣራል።

«ሁንዴ! ኧረ አንተ ሁንዴ!»

ዱባለ አልዞረም። ግንቡ ላይ መስመሩን አሰመረ።